የኳስ እንጀራ፦ ከሬንዞ ደ ቬኪ እስከ ሉቺያኖ ቫሳሎ

የጥንት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚቆጠረው ያስቆጠሩት ግብ፣ ያነሡት ዋንጫና ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉበት ጊዜ ነው፤ ይሁን እንጂ ኳስ መጫወት ብቻውን እንጀራ ባልነበረበት ዘመን አንድን ተጫዋች ከከተማ ወደ ከተማ ያዘዋወረው፣ በአንድ ክለብ ለዓመታት ያቆየውና ጉልበቱ ሲደክም መጠጊያ የሆነው ከሜዳ ውጪ የነበረው መደበኛ ሥራው በመሆኑ፣ ይህን ሥራ ወደ ጎን ትቶ የተጫዋቹን ሕይወት መተረክ ታሪኩን በግማሽ መተረክ ነው። ይህ ዝግጅት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎን ይመለከታል፤ ለዚህም ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ በአባቱ አገር በጣሊያን የተነሣውን ተከላካይ ሬንዞ ደ ቬኪን መነሻ ያደርጋል።

በአዋሽ ዳር ለሚኖረው የመልካሳና የአዳማ አካባቢ ሕዝብ በሥራ ቦታ ስም የሚጠራ የእግር ኳስ ቡድን እንግዳ ነገር አይደለም። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ በፋብሪካው ዙሪያ የሠራተኛ መንደር፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሲቋቋም ኳስ ሜዳም አብሮ የተገኘ ሲሆን፣ ዘግይቶ የተተከለው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካም በስሙ የሚጠራ ቡድን ነበረው። ከመልካሳ አቅራቢያ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠሩትን አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ያስተዳድር የነበረው መሥሪያ ቤትም በአዲስ አበባ መብራት ኃይል ተብሎ ለሚታወቀው ክለብ ባለቤት ነበር። እንዲህ ያለው የመሥሪያ ቤት ክለብ፣ ማለትም ተጫዋቹን በሠራተኛነት ቀጥሮ ደመወዙን በሙያው የሚከፍለው፣ በልምምድና በግጥሚያ ቀን ደግሞ ከሥራ የሚለቀው ክለብ፣ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋነኛው አደረጃጀት ሆኖ ቆይቷል፤ ቴሌ፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ የጦሩ መቻልና የፖሊሱ ኦሜድላ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ይህን አደረጃጀት የአገር ድህነት የወለደው ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ ዛሬ በሀብታቸው የሚታወቁት የአውሮፓ አገሮች እግር ኳስም በዚሁ ደጅ አልፏል።

ሬንዞ ደ ቬኪ እ.ኤ.አ. በ1894 በሚላን ከተማ ተወልዶ ገና በ15 ዓመቱ በሚላን ክለብ ዋና ቡድን ውስጥ ቦታ አገኘ። የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1910 በግንቦት ወር በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን ግጥሚያ ከፈረንሳይ ጋር አድርጎ 6 ለ 2 ካሸነፈ ከ11 ቀናት በኋላ፣ ወደ ቡዳፔስት ተጉዞ በሃንጋሪ 6 ለ 1 ሲሸነፍ ከተሰለፉት መካከል ደ ቬኪ አንዱ ነበር፤ ዕለቱን ዕድሜው 16 ዓመት ከሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም በዋናው የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን ውስጥ በለጋ ዕድሜያቸው ከተሰለፉት እጅግ ጥቂት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የሚላን ደጋፊዎች በልጁ ተደንቀው የእግዚአብሔር ልጅ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ አጠራሩ ለሃይማኖተኛ ጆሮ የሚከብድ መሆኑ ባይካድም፣ ሕዝብን እንዲህ ያስደነቀው ግብ አግቢ አለመሆኑ፣ ይልቁንም ግብ እንዳይገባ የሚከለክል ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ደ ቬኪ እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአገሩ 43 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ግብ አላስቆጠረም፤ ስለዚህ ታሪክን በግብ ብዛት የሚመዝን ሰው ከእርሱ ሕይወት የሚያገኘው ባዶ ሰንጠረዥ ነው።

የዚያን ዘመን ተከላካይ ሥራ ምን እንደነበረ ለመረዳት የቡድኑን አሰላለፍና የጨዋታውን ሕግ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ቡድን ከግብ ጠባቂው ፊት ሁለት ተከላካዮችን ብቻ፣ ከእነርሱ ፊት ሦስት አማካዮችን፣ ከዚያም አምስት አጥቂዎችን ያሰልፍ ስለነበር፣ ቁጥሩ ከግቡ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄደው ይህ አሰላለፍ ፒራሚድ ተብሎ ይጠራ ነበር። ሁለት ሰዎች አምስት አጥቂዎችን ሊቋቋሙ የቻሉት ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ ስለረዳቸው ነው። ይህ ሕግ ኳስ ወደ አንድ አጥቂ በሚላክበት ቅጽበት በአጥቂውና በተጋጣሚው የግብ መስመር መካከል ስንት ተጋጣሚዎች መኖር እንዳለባቸው የሚወስን ሲሆን፣ ዛሬ ሁለት የሚበቁትን እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ ሦስት ይጠይቅ ነበር። ከሦስቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ግብ ጠባቂው በመሆኑ፣ ከሁለቱ ተከላካዮች አንደኛው ጊዜውን ጠብቆ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ሲራመድ ብቻ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ይገኛል፤ ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ሁለተኛው ተከላካይ ከኋላ ቀርቶ ይሸፍናል። ስለዚህ የተከላካዩ ዋና ችሎታ ከእግሩና ከትከሻው ይልቅ አስቀድሞ በማሰቡና ከጓደኛው ጋር ሳይነጋገር በመግባባቱ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በግራ መስመር ይሰለፍ የነበረው ደ ቬኪ ገና በለጋ ዕድሜው ከአዋቂዎች ጋር መሰለፍ የቻለውም በጉልበት ሊበልጣቸው ስለማይችል በዚህ ዓይነቱ ብልሃት እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1925 ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ የግብ ቁጥር በአንድ ጊዜ በመጨመሩ፣ እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን በአርሰናል የመሀሉን አማካይ ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው፤ የጣሊያኑ ቪቶሪዮ ፖዞ ግን ሁለቱን ተከላካዮች እንዳሉ ትቶ የመሀሉ አማካይ እንደ ሁኔታው ወደ ኋላ እንዲረዳ በማድረግ በ1934 እና በ1938 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን አሸነፈ።

ደ ቬኪ እ.ኤ.አ. በ1913 ከሚላን ወደ ጄኖዋ ክለብ ሲዛወር የሆነው ነገር ለዚህ ዝግጅት ዋና ጉዳይ ነው። የጣሊያን እግር ኳስ በይፋ የአማተሮች ነበር፤ አማተር ማለት ለመጫወቱ ገንዘብ የማይቀበል፣ ኳስን ለፍቅሩ ብቻ የሚጫወት ሰው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጄኖዋ ለሚላን ክለብ በጊዜው ብዙ የነበረውን 24,000 ሊሬ ከመክፈሉም በላይ፣ ተጫዋቹ በጄኖቫ ከተማ በሚገኝ ባንክ ሥራ እንዲያገኝ ተደርጓል። ሕጉ ክፍያን ሲከለክል የባንኩ ደመወዝ ክፍያውን ተካ። በእንግሊዛዊው ዊልያም ጋርበት አሰልጣኝነት የሚመራው ጄኖዋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በተቋረጠው የ1914/15 ውድድር፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1923 እና በ1924 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የ1922/23ን ውድድር ያጠናቀቀው አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ነው፤ የዚህ ቡድን የኋላ መስመር መሪ ደ ቬኪ ነበር። በስቶክሆልም፣ በአንትወርፕና በፓሪስ በተካሄዱት ሦስት የኦሎምፒክ ጨዋታዎችም ተሳትፏል።

ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ተከላካይ ቪርጂኒዮ ሮዜታ ይህንኑ መንገድ ይበልጥ ገልጦታል። የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ሮዜታ እ.ኤ.አ. በ1923 ከትንሿ ከተማ ክለብ ከፕሮ ቬርቼሊ ወደ ቱሪኑ ዩቬንቱስ ሲዛወር ዝውውሩ ክርክር አስነሥቶ፣ ፌዴሬሽኑ እርሱ በተሰለፈባቸው ግጥሚያዎች ዩቬንቱስን እንደ ተሸናፊ ቆጠረው። ውዝግቡ ግን አማተር የሚለው ስያሜ እውነታውን መሸፈን እንዳቃተው አሳየ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. በቪያሬጆ ከተማ የወጣው ደንብም ከፋዩንና ተከፋዩን በይፋ ተቀበለ። ሮዜታ ከኡምቤርቶ ካሊጋሪስ ጋር ተጣምሮ የዩቬንቱስን የኋላ መስመር የያዘ ሲሆን፣ ክለቡ ከ1931 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. አምስት ተከታታይ ሻምፒዮናዎችን ወስዷል። የኢትዮጵያው ታሪክ የሚጀምረው አምስተኛው ሻምፒዮና በተጠናቀቀበት በዚያው ዓመት ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ከጣሊያናዊ ወታደር አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ወሩ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር በአስመራና በምጽዋ ጦር ያከማችበት ወቅት በመሆኑ፣ የልጁ ልደት ራሱ የዚያ ታሪክ አካል ነው። ሉቺያኖ ገና በእግሩ ሳይቆም የፋሽስቱ መንግሥት በ1937 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድንጋጌ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ከሁለቱ ወገን የተወለደ ልጅ የአገሬው ተወላጅ ሆኖ እንዲቆጠር፣ ጣሊያናዊ አባቱም በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው ደነገገ። በሕግ ቋንቋ ክልስ ይባሉ የነበሩት እነዚህ ሕፃናት አባት እያላቸው አባት የሌላቸው ሆኑ፤ የማሳደጉ ሸክምም በእናቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። የሕግ መጻሕፍት ይህን በጥቂት አንቀጽ ጽፈው ያለፉት ቢሆንም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ላይ ያደረሰው ጉዳት ከጦርነት ቁስል የሚያንስ አይደለም።

ኳስ ሜዳውም በዚሁ ሕግ ተከፍሎ ነበር። በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓውያን ጋር እንዳይጋጠሙ የተከለከለ ሲሆን፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና እንደ ወጣቱ ይድነቃቸው ተሰማ ያሉ ተጫዋቾች ክልከላው ባለበት ለመጫወት ተገድደዋል። ከነፃነት በኋላ ሁኔታው ተለውጦ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእንግሊዝ ጦር፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮችና ፎርቲቱዶ ከተባለው የጣሊያኖች ቡድን ጋር በአንድ ውድድር ተሳተፈ። በአስመራ ግን ጣሊያኖች በብዛት ስለቀሩ የከተማዋ ኳስ ለረጅም ጊዜ በዘር የተከፋፈለ ሆኖ ቆየ፤ ሉቺያኖ የተጫወተበት ስቴላ አስማሪና የተባለው ቡድንም ከሁለቱ ወገን የተወለዱ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ነበር። የነጮቹ ቡድን ሙሉ በሙሉ እንደ ራሱ የማይቆጥራቸው፣ የአገሬው ቡድንም በጥርጣሬ የሚያያቸው እነዚህ ልጆች፣ በራሳቸው ቡድን ውስጥ ቢያንስ ኳስ ሊቀባበሉ ቻሉ።

የእነዚህን ወጣቶች የዜግነት ጥያቄ የፈታው ከሜዳው ርቆ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ በኅዳር 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ በኤርትራ ተወልደው ከወላጆቻቸው ወይም ከአያቶቻቸው ቢያንስ አንዱ የአገሬው ተወላጅ የሆነላቸው ነዋሪዎች ሁሉ የፌዴሬሽኑ ዜጎች እንደሚሆኑ አሰፈረ። ፋሽስቱ ሕግ እናቱን ምክንያት አድርጎ ከአባቱ ወገን የነጠለውን ልጅ፣ ይህ ውሳኔ በዚያችው እናት ምክንያት የአንድ አገር ሙሉ ዜጋ አደረገው። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኤርትራ ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ ሻምፒዮና ገብተው ዋንጫውን ደጋግመው የወሰዱ ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑም በእነርሱ ተጫዋቾች እጅግ ተጠናከረ። ያለዚህ አንቀጽ ሉቺያኖ የኢትዮጵያን መለያ ስለመልበሱ መናገር ባልተቻለ ነበር፤ የስፖርት ጸሐፊዎች ይህን አንቀጽ ሳያነሡ ማለፋቸው የሚያሳዝን ነው።

ሉቺያኖ በሙያው መካኒክ ነበር። በአስመራ ከተለያዩ ቡድኖች ጋር ከተጫወተ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ያመጣው፣ በደ ቬኪ ላይ እንደሆነው ሁሉ፣ ሥራና ኳስ በአንድ ላይ የቀረቡለት ጥሪ ነው፤ ልዩነቱ የጄኖዋው ተከላካይ ከባንክ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የአስመራው አምበል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወርክሾፕ ውስጥ መግባቱ ነው። የፋብሪካው ቡድን በሕዝቡ ዘንድ ኮተን እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ በዚያው ከተማ ከነበረው ኢትዮ ሲሚንቶ ከተባለው ሌላ የፋብሪካ ቡድን ጋር ሆኖ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ደጋግሞ ወስዷል። ድሬዳዋን ከአዲስ አበባ ያገናኝ የነበረው የምድር ባቡር በአዋሽና በመተሐራ አልፎ አዳማን ያቋርጥ ስለነበር፣ የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ከዚህ የፋብሪካ እግር ኳስ መስመር መሀል ላይ ይገኙ ነበር፤ የባቡር ጣቢያ፣ ፋብሪካና ኳስ ሜዳ አንድ ላይ የበቀሉበት መልክዓ ምድር እንደዚህ መስመር በግልጽ የሚታይበት የኢትዮጵያ ክፍል የለም።

ወርክሾፕ ለተጫዋች የሚሰጠው ከደመወዝ በላይ ነበር። በአንድ ፈረቃ የሚሠሩ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩና በአንድ ደወል የሚነሡ ሰዎች ሜዳ ላይ ሲገናኙ ቀድሞውኑ የሚተዋወቁ በመሆናቸው፣ የጥንቱ የጣሊያን ተከላካዮች ጥንድ የሚያስፈልገውን ያለ ንግግር መግባባት ልምምድ ብቻ ሊሰጠው ከሚችለው በላይ ያገኙታል። በሌላ በኩል ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ከሥራውም የሚስተጓጎል በመሆኑ፣ አለቃው ኳስ የማይወድ ከሆነም ልምምዱ የሚታጠፍ በመሆኑ ይህን ሕይወት ማሞካሸት ብቻ ተገቢ አይሆንም። ከአሥር ሰዓት በኋላ በደከመ ጉልበት የሚለማመድ መካኒክ የአህጉር ሻምፒዮን ለመሆን የከፈለው ዋጋ በዋንጫው ላይ አልተጻፈም።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ ተካፋዮቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የቀረበችው ግብፅ ነበሩ። ግብፅ ቀደም ሲል የተካሄዱትን ሁለት ውድድሮች ያሸነፈች ሲሆን፣ በሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታለች፤ ይህም በካርቱምና በካይሮ የደረሰ ሽንፈት በቡድኑ አባላት ዘንድ ገና ያልሻረ ነበር። ጥር 6 ቀን በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያ ቱኒዚያ 2 ለ 0 መምራት ብትጀምርም፣ ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጥሮ ቡድኑን ካነቃቃ በኋላ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች።

የፍጻሜው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተካሄደ። ባዳዊ አብደል ፋታህ በ35ኛው ደቂቃ ለግብፅ ያስቆጠራት ግብ ለ39 የጨዋታ ደቂቃዎች ሳትመለስ ቆይታ ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሆኖም የደስታው ድምፅ ሳይበርድ ያው ባዳዊ በሚቀጥለው ደቂቃ ግብፅን እንደገና መሪ አደረጋት። እንዲህ ያለ ምላሽ የብዙ ቡድኖችን ቅስም የሚሰብር ነው፤ መደበኛው ጨዋታ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት፣ ማለትም አሸናፊ ለመለየት ወደሚጨመረው 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ከአራቱ ግቦች ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ግብ አስቆጣሪዎቹ ስማቸው ሲነሣ ቢኖርም፣ ግብፅን ከሁለት ግብ በላይ እንዳታገባ ያደረጉት ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶምና አዋድ መሐመድን የመሰሉ ተጫዋቾች የሚታወሱት በጥቂቶች ብቻ ነው፤ በደ ቬኪ ሰንጠረዥ ላይ የታየው ባዶነት በእነርሱም ላይ ደርሷል።

ከፍጻሜው ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ ጉዳይ አለ። በጊዜው የቡድኑ ኃላፊ የነበሩትን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል ከሁለት ወገን የተወለደና የጣሊያን ስም የያዘ መሆኑ ያላስደሰታቸው አንዳንድ ባለሥልጣናት አምበልነቱ ለሌላ ተጫዋች እንዲተላለፍ ጠይቀው ነበር። ወረራው ካበቃ ገና ሃያ ዓመት ብቻ ያለፈው በመሆኑ፣ የብዙ ቤተሰብ ሐዘን ያልደረቀበት አገር የጣሊያን ስም ሲሰማ መሸበሩ ሊገባ የሚችል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው አንድን ዜጋ በአባቱ ወንጀል የሚከስ፣ በመሠረቱም የ1940ውን የፋሽስት ሕግ በሌላ አቅጣጫ የሚደግም ነበር። ይድነቃቸው ጥያቄውን አልተቀበሉም። በወጣትነታቸው በዘር ምክንያት ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ የተከለከሉት ሰው፣ በጎልማሳነታቸው በዘር ምክንያት አምበል እንዲሽር ሲጠየቁ እምቢ ማለታቸው ከዚያ በኋላ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ውስጥ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በመቃወም ካደረጉት ረጅም ትግል ጋር አንድ መሥመር ያለው ነው። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ሆነ።

ከዚያ ድል አሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ተደረገች፤ ብዙዎቹ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች የመጡበት ምድርም የረጅም ጦርነት ሜዳ ወደ መሆን አመራ። እግር ኳሱ ግን ለጥቂት ዓመታት አብሮ መሄዱን ቀጠለ፤ በጥር 1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲካሄድ፣ በ30ዎቹ ዕድሜ የነበረው ሉቺያኖ አሁንም ከቡድኑ ጋር ነበር። ኢትዮጵያ የምድቧን ሦስት ግጥሚያዎች አሸንፋ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች።

መጫወት ያቆመ ሠራተኛ ተጫዋች ሁለት በር ይጠብቀዋል፤ አንዱ አሰልጣኝነት፣ ሌላው ቀድሞ የነበረው ሙያ ነው። ደ ቬኪ እ.ኤ.አ. በ1929 መጫወት አቁሞ ወደ አሰልጣኝነት ያለፈ ሲሆን በ1967 እ.ኤ.አ. በተወለደባት በሚላን አርፏል። ሉቺያኖ ሁለቱንም በሮች ከፍቷል፤ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠነ ሲሆን በመካኒክነቱም የራሱን ጋራዥ አቋቁሞ ይሠራ ነበር። የደርግ ዘመን ግን ለእርሱ አልተመቸም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ንብረቱን ጥሎ አገር ለቅቆ ወጣ። የአህጉሩን ዋንጫ ያነሣ አምበል በአገሩ ላይ ለማርጀት አለመቻሉ በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ውስጥ እንደ ትልቅ ኪሳራ ሊመዘገብ ይገባዋል።

የሄደው በልጅነቱ በሕግ ወዳገለለችው ወደ ጣሊያን ነበር። በሮም አቅራቢያ በባሕር ዳር በምትገኘው በኦስቲያ ተቀምጦ እንደ ድሬዳዋው ዘመን በመካኒክነት ኑሮውን እየገፋ ለሕፃናት ኳስ ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ የሕይወት ታሪኩንም በጣሊያንኛ ጽፎ አሳትሟል። ወንድሙ ኢታሎ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ሉቺያኖ ቫሳሎም መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በዚያው በጣሊያን ሕይወቱ አለፈ።